ሰነዱ ከቨርዥኑ ኋላ ሲቀር

ጥያቄ፦ የምሠራበት ቡድን ስድስት ፕሮግራመሮች አሉት፤ የተጠቃሚ ሰነዱን የምጽፈው ግን እኔ ብቻዬን ነኝ። ሰነዱ 140 ገጽ ያህል ነው። በየስድስት ሳምንቱ ሪሊዝ እናደርጋለን፣ ማለትም አዲስ ቨርዥን እንለቃለን፤ በአሁኑ ሰዓት 2.4፣ 2.5 እና 3.0 ሦስቱም ድጋፍ ይሰጥባቸዋል። ባለፈው ወር አንድ ደንበኛ የባክአፕ ገጻችንን አንድ በአንድ ተከትሎ ባክአፕ ወሰደ፤ መልሶ ሲጭነው አባሪ ፋይሎቹ የሉም። ለካ ከ3.0 ጀምሮ የባክአፕ ትዕዛዙ በአማራጭ ካልታዘዘ በቀር አባሪ ፋይሎችን አይወስድም፤ ገጹ ደግሞ የተጻፈው ለ2.4 ነበር። አለቃዬ ከእንግዲህ ከእያንዳንዱ ሪሊዝ በፊት ሰነዱን በሙሉ አንብቤ እንዳረጋግጥ ይፈልጋሉ። የሚሰጠኝ ጊዜ ሁለት ቀን ነው። ምን ላድርግ? የ2.4ን ሰነድስ ጨርሼ ባጠፋው ይሻላል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሌላው ሁሉ ጥቂት ሊቆይ ይችላል፤ የባክአፕ ገጹ ግን ዛሬውኑ ይታረም። ሲያርሙትም ዝም ብለው አስተካክለው አይለፉት። በገጹ አናት ላይ «በ3.0 እስከዚህ ቀን ድረስ በዚህ ገጽ መሠረት የተወሰደ ባክአፕ አባሪ ፋይሎችን አልያዘም፤ አሁኑኑ አዲስ ባክአፕ ይውሰዱ» የሚል ማስጠንቀቂያ ከነቀኑ ያስቀምጡ፤ ይኸው ቃል በሚቀጥለው የሪሊዝ ማስታወሻም ይግባ። ያ ደንበኛ ጉድለቱን ያወቀው መልሶ ለመጫን ስለሞከረ ነው። ያልሞከሩት ሰዎች ዛሬም ሙሉ ባክአፕ በእጃቸው ያለ ይመስላቸዋል።

ወደ አለቃዎ ሐሳብ እንምጣ። 140 ገጽ በሁለት ቀን ማንበብ ይቻል ይሆናል፤ ማረጋገጥ ግን አይቻልም። የባክአፕ ገጹን ከሪሊዙ በፊት አሥር ጊዜ ቢያነቡት ኖሮ እንኳ ምንም ነገር አይቆረቁርዎትም ነበር። ዓረፍተ ነገሮቹ ቀና ናቸው፤ ትዕዛዙ በ3.0ም በዚያው ስሙ አለ፤ ሲያስኬዱትም በትክክል ይጨርሳል። የኮድ ስህተት አብዛኛውን ጊዜ ይጮኻል፦ ኮምፓይለሩ እምቢ ይላል፣ ቴስቱ (ኮዱን በራሱ የሚፈትሸው ፕሮግራም) ይወድቃል። የሰነድ ስህተት ድምፅ የለውም፤ የሚጮኸው ተጠቃሚው ነው፣ ያውም ከተጎዳ በኋላ። ስለዚህ ያለዎትን ጊዜ ሰነዱ ሲሳሳት ራሱ እንዲጮኽ ለማድረግ ያውሉት። የሰው ዓይን የሚያስፈልገው ያ በማይቻልበት ቦታ ነው።

ማጣራቱን ከለውጡ ይጀምሩ። በጊት (የኮዱን የለውጥ ታሪክ በሚይዘው መሣሪያ) ላይ በ2.5.0 ታግና በ3.0.0 ታግ (ሪሊዙ የተለቀቀበትን ቦታ በሚያመለክቱት ምልክቶች) መካከል ያለውን ልዩነት አውጥተው ተጠቃሚው የሚነካውን ብቻ ይለዩ፦ የትዕዛዝና የአማራጭ ስሞች፣ የሴቲንግ ፋይሉ መስኮች፣ የስህተት መልእክቶች፣ የፋይልና የፎልደር ቦታዎች፣ የፈቃድ ስሞች፣ የኤፒአይ (ሌሎች ፕሮግራሞች ከእርስዎ ፕሮግራም ጋር የሚገናኙበት በር) መስኮች፣ ፕሮግራሙ የሚፈልገው ዝቅተኛ የዳታቤዝ ወይም የኦፐሬቲንግ ሲስተም ቨርዥን። ስሙ የተቀየረ ወይም ጨርሶ የወጣ ነገር አያስቸግርም፤ የድሮውን ስም በሰነዱ ፎልደር ውስጥ ሰርች ሲያደርጉ ያለበት ሁሉ ይወጣል። የሚያስቸግረው ስሙ እንዳለ ሆኖ ጠባዩ የተቀየረው ነው። ከዚህ ውስጥ ደግሞ ዲፎልት (ተጠቃሚው ሌላ ካላዘዘ ፕሮግራሙ የሚሠራበት ምርጫ) የሚያህል የለም፤ የእርስዎም የባክአፕ ትዕዛዝ የወደቀው እዚሁ ላይ ነው።

አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። ፕሮግራሙ ከሰርቨር መልስ የሚጠብቅበት ጊዜ በ2.5 ላይ 30 ሰከንድ ነበር፣ በ3.0 ወደ 10 ወረደ እንበል። ኮዱ ውስጥ የተቀየረው አንድ ቁጥር ነው። ሰነዱ ውስጥ ግን ያ ቁጥር በሴቲንግ ሠንጠረዡ ላይ «30 ሰከንድ»፣ በችግር መፍቻው ገጽ ላይ «ግማሽ ደቂቃ ይጠብቁ»፣ በጀማሪዎች መመሪያው ናሙና ፋይል ውስጥ በሚሊሰከንድ «30000» ሆኖ ተቀምጧል፤ አንድ ስክሪንሾት ውስጥም አለ። «30 ሰከንድ» ብለው ሰርች ቢያደርጉ ከአራቱ አንዱን ያገኛሉ፣ ሦስቱ ያመልጡዎታል። መድኃኒቱ ቁጥሩ አንድ ቤት ብቻ እንዲኖረው ማድረግ ነው። የሴቲንግ ሠንጠረዡ በእጅ አይጻፍ፤ ሰነዱ በተገነባ ቁጥር አንድ አጭር ስክሪፕት ከኮዱ ያውጣው። ሌሎቹ ገጾች ቁጥሩን አይጥሩ፤ «የጥበቃው ጊዜ እስኪያልፍ ይቆዩ» ብለው ወደ ሠንጠረዡ ሊንክ ያድርጉ። የትዕዛዞቹ ገጽም እንዲሁ ከፕሮግራሙ የእገዛ ጽሑፍ ይውጣ፤ የኤፒአይ ገጾች ደግሞ ኤፒአዩን ከሚገልጸው የኦፕንኤፒአይ ፋይል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘሉት አንድ ነገር አለ። ስክሪፕቱ ያወጣውን ሠንጠረዥ ጊት ውስጥ ያስቀምጡት፤ አንድ ፕሮግራመር ዲፎልት ቀይሮ ሠንጠረዡን ሳያድስ ከቀረም ቴስቱ ይውደቅ። እንዲህ ሲሆን «አባሪ ፋይሎች፦ አዎ» የሚለው መስመር «አባሪ ፋይሎች፦ አይ» ሆኖ ፑል ሪኩዌስቱ (ለውጡ ከመግባቱ በፊት ለግምገማ የሚቀርብበት ጥያቄ) ላይ በቀይና በአረንጓዴ ይታያል። የባክአፑን ለውጥ ደንበኛው ሳይሆን እርስዎ ቀድመው ያዩት ነበር ማለት ነው።

ይህ እንዲሠራ ሰነዱ ከኮዱ ጋር በአንድ ሪፖዚተሪ (የጊት ማከማቻ) ውስጥ ቢኖር ይመረጣል። ከዚያ ሕጉ አጭር ነው፦ ተጠቃሚው የሚያየውን ነገር የሚቀይር ፑል ሪኩዌስት የሰነዱን ለውጥ አብሮ ይዞ ይምጣ፤ ካልያዘ ደግሞ ለምን እንደማያስፈልገው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍበት። «ሰነድ ታድሷል» የሚል ምልክት የሚደረግበት ሳጥን ብቻ አይበቃም፤ ውሎ አድሮ ሁሉም ሳያስብ ምልክት ያደርግበታል። ምክንያት ሲጻፍ ግን ጻፊው ለአፍታም ቢሆን ያስባል፣ ገምጋሚውም የሚከራከርበት ነገር ያገኛል። ጊትሃብ ላይ ከሆኑ ኮድኦነርስ የሚባለው ፋይል ይጠቅምዎታል፤ የትዕዛዞቹና የሴቲንጎቹ ፎልደር በተነካ ቁጥር እርስዎ በገምጋሚነት ወዲያው እንዲጠሩ ያደርጋል። ስድስት ሰው የቀየረውን አንድ ሰው እየተከታተለ ሊለቅም አይችልም። የመጀመሪያውን ረቂቅ ለውጡን የሠራው ፕሮግራመር ይጻፈው፤ ሁለት መስመርም ቢሆን ይበቃል፤ ቋንቋውን እርስዎ ያቃኑታል።

ሰነዱ ከኮዱ ጋር አብሮ ሲሄድ ሌላ ወጥመድ ይመጣል። ዋናው ብራንች (ቀጣዩ ቨርዥን የሚሠራበት የኮዱ ቅርንጫፍ) ላይ የገባ ጽሑፍ ወዲያው ለሕዝብ የሚወጣ ከሆነ፣ ገና ያልተለቀቀ ነገር በሰነዱ ላይ ይታያል፤ የ2.5 ተጠቃሚ በእጁ የሌለውን አማራጭ እየጻፈ «አይታወቅም» ይባላል። ስለዚህ ለተጠቃሚ የሚታየው ሰነድ ከሪሊዝ ብራንች ወይም ከታግ ይገንባ፤ ከዋናው ብራንች የሚገነባው «በሥራ ላይ ያለ፣ ያልተለቀቀ» የሚል ጽሑፍ በግልጽ ይለጠፍበት። ሪድ ዘ ዶክስ የሚባለውን ሰነድ የሚያወጣ አገልግሎት የሚጠቀሙ ከሆነ ስያሜውን ልብ ይበሉ፦ እዚያ «ሌተስት» የሚባለው የዋናው ብራንች ጫፍ ነው፤ በቨርዥን ቁጥር ከፍተኛው የሆነውን የተለቀቀ ታግ የሚከተለው «ስቴብል» የሚባለው ነው። ሌተስትን የመጨረሻው ሪሊዝ አድርጎ የሚረዳው ሰው ብዙ ነው። የመነሻ ሊንክዎ ወደ ስቴብል ይሂድ።

ሦስት ቨርዥን ይዞ መኖርን በተመለከተ፣ ሰነዱን የሚከፍሉት በ2.4፣ በ2.5 እና በ3.0 ደረጃ እንጂ በ2.5.1 እና በ2.5.2 ደረጃ አይሁን። ሰማንቲክ ቨርዥኒንግ የሚባለውን የቨርዥን ቁጥር አሰጣጥ ሕግ የሚከተል ፕሮጀክት በሦስተኛው ቁጥር የሚለቀው የባግ ጥገና ብቻ ስለሆነ ለሱ የተለየ ሰነድ አያስፈልገውም። እንደ ዶኩሳውረስ ያሉ የሰነድ ድረ ገጽ መገንቢያ መሣሪያዎች አዲስ ቨርዥን ሲቆረጥ የሰነዱን ፎልደር በሙሉ ይገለብጡታል፤ የእርስዎ 140 ገጽ ሦስት ጊዜ ሲገለበጥ 420 ፋይል ነው፣ አንድ ስህተት ለማረምም ሦስት ቦታ መግባት ይጠይቃል። ለአንድ ጸሐፊ በየሪሊዙ አንድ ብራንች መያዝ ይቀላል ብለን እናምናለን።

በዚህ አሠራር እርማት ሁልጊዜ መጀመሪያ ዋናው ብራንች ላይ ይግባ፤ ከዚያ በቼሪ ፒክ (አንድን ለውጥ ብቻ ለይቶ ወደ ሌላ ብራንች በሚወስደው የጊት ትዕዛዝ) ወደ 3.0፣ ወደ 2.5፣ ወደ 2.4 ይወሰድ። በተገላቢጦሽ ከተሄደ፣ ማለትም በችኮላ 2.5 ላይ ብቻ ከታረመ፣ ቀጣዩ ቨርዥን የሚቆረጠው ከዋናው ብራንች ስለሆነ የታረመው ስህተት እንደገና ይመለሳል። ይህ ሲደጋገም የሚያይ ሰው «ይህንን አርሜው አልነበረም እንዴ?» እያለ ራሱን ይጠራጠራል። ወደ ኋላ ከመውሰድዎ በፊት ግን ለ3.0 እውነት የሆነው ለ2.4ም እውነት መሆኑን ፕሮግራሙን አስኪደው ይዩ። አሁን የሚያርሙት የባክአፕ ገጽ ለዚህ ምስክር ነው፤ አዲሱን አማራጭ ጨምረው ወደ 2.4 ብራንች ቢወስዱት ትዕዛዙ አማራጩን አላውቀውም ብሎ ይቆማል።

በገጹ ውስጥ ደግሞ ለውጡ ከነቨርዥኑ ይጠራ። የፓይተን ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ሰነድ በዚህ ጥሩ አርአያ ነው፦ በየፈንክሽኑ ሥር በየትኛው ቨርዥን እንደተጨመረ፣ በየትኛው እንደተቀየረ፣ በየትኛው መጠቀም እንደማይመከር ይጽፋል፤ ሰነዱ የሚገነባበት መሣሪያ ስፊንክስም ለሦስቱም የተዘጋጀ ምልክት አለው። ጥቅሙ ጉልህ ነው። ዲስትዩቲልስ የሚባለው ሞጁል በፓይተን 3.10 እንዳይመከር ተደረገ፣ በ3.12 ወጣ፤ 3.11 ላይ ላለ ሰው «ይሠራል፣ ግን ይልቀቁት»፣ 3.12 ላይ ላለ ሰው «የለም» ነው መልሱ። «አሁን»፣ «አዲሱ»፣ «በቅርቡ»፣ «እንደ ቀድሞው» የሚሉ ቃላትን ከሰነዱ ሰርች አድርገው ያውጧቸው፤ የተጻፉበት ቀን ካለፈ ማንን እንደሚያመለክቱ አይታወቅም። ምልክቶቹም ለዘላለም አይከማቹ፦ ድጋፍ ያለው ትንሹ ቨርዥን 2.4 ከሆነ «በ2.3 የተጨመረ» የሚለውን ይሰርዙት፤ ዛሬ ለማንም ምንም አይነግርም።

የቨርዥን ቁጥሩን በአንድ ተለዋዋጭ (ቫሪያብል) ይዞ በየገጹ እንዲተካ ማድረግ ለመጫኛው ገጽ በጣም ጥሩ ነው። የ2.4 መጫኛ ገጽ ቁጥር ሳይጠቅስ «የመጨረሻውን ይጫኑ» ካለ አንባቢው 3.0ን ጭኖ በ2.4 መመሪያ ይንከራተታልና ቁጥሩ የግድ ይጻፍ። ነገር ግን «በ3.0 የተጨመረ» የሚለውን በዚያው ተለዋዋጭ የጻፉት እንደሆነ 3.1 ሲወጣ ገጹ በራሱ «በ3.1 የተጨመረ» ብሎ ይዋሻል። ታሪክ የሆነ ቁጥር በእጅ ይጻፍ፤ የአሁኑን የሚያመለክተው ብቻ በተለዋዋጭ ይሁን። ሪሊዝ በደረሰ ቁጥር ሁሉንም «3.0» በአንድ ጊዜ በ«3.1» መተካትም የሚያስከትለው ጥፋት ያው ነው።

ምሳሌዎችዎ ይሩጡ። ለዚህ በየቋንቋው የተዘጋጀ ነገር አለ፦ ፓይተን ዶክቴስት አለው፤ ረስት ላይ የካርጎ ቴስት ትዕዛዝ በሰነድ ኮሜንት ውስጥ ያሉትን የኮድ ምሳሌዎች አብሮ ያስኬዳል፤ ጎ ላይ በ«ኤግዛምፕል» የሚጀምር ፈንክሽን የሚያትመው በኮሜንት ከተጻፈው የሚጠበቅ ውጤት ጋር ይመሳከራል። ለትዕዛዝ መመሪያዎች ደግሞ ትዕዛዞቹን ከገጹ አውጥተው እንደ ስክሪፕት ፋይል ያስቀምጡ፣ ገጹም ከፋይሉ ቆርጦ ያሳይ፣ ስክሪፕቱም በየቀኑ ባዶ የዶከር ኮንቴይነር (ከኮምፒውተሩ ተለይቶ በየጊዜው ከባዶ የሚነሣ የሥራ ቦታ) ውስጥ ይሩጥ። ባዶ መሆኑ የግድ ነው፤ የእርስዎ ኮምፒውተር ላይ ከዓመት በፊት የተጫነ ነገር ስላለ ብቻ የሚሠራ መመሪያ በአንባቢው ላይ አይሠራም። ገጹ ከፋይሉ ሲቆርጥ «ከመስመር 12 እስከ 18» አይበሉት፤ ከላይ አንድ መስመር የተጨመረ ዕለት ገጹ ምንም ሳይል የተሳሳተውን ክፍል ያሳያል። ስክሪፕቱ ውስጥ የመጀመሪያና የመጨረሻ ምልክት በኮሜንት ያስቀምጡና በእነሱ ይቁረጥ፤ ምልክቱ ከጠፋ ግንባታው ይቆማል፣ የምንፈልገውም ይኸንን ነው። ውጤቱ ውስጥ ቀን ወይም ተለዋዋጭ መለያ ቁጥር ካለ እሱን ብቻ እንዲዘለል ያድርጉ። ጠቅላላውን ውጤት የሚዘል ቴስት ከማታለል በቀር ጥቅም የለውም። ለባክአፕ ደግሞ ትዕዛዙ መጨረሱን መፈተሽ እንደማይበቃ አይተዋል፤ ስክሪፕቱ አንድ አባሪ ፋይል ይፍጠር፣ ባክአፕ ይውሰድ፣ ሌላ ባዶ ቦታ ላይ መልሶ ይጫን፣ ፋይሉ መኖሩን ይይ።

ስለ ሊንክ በአጭሩ። በአንድ ቨርዥን ውስጥ ያሉ ገጾች እርስ በርስ በአንጻራዊ አድራሻ ይገናኙ፤ ሙሉ አድራሻ ከተጻፈ የ2.4 አንባቢ አንድ ጠቅ አድርጎ ሳያውቀው 3.0 ውስጥ ይገባል። የገጽ ስም ሲቀየር ከድሮው አድራሻ ወደ አዲሱ የ301 ማዞሪያ ይኑር። በፕሮግራሙ የስህተት መልእክቶች ውስጥ ያሉ የሰነድ ሊንኮች የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ፤ በደንበኛው ማሽን ላይ አንዴ ከተጫኑ ሊያርሟቸው አይችሉም፣ ስለዚህ የቨርዥን ቁጥራቸውን ይያዙ፣ አድራሻቸውም አይነካ። ስክሪንሾት ያሳንሱ፤ የሚያስፈልገውን ቁልፍ ብቻ ቆርጠው ያሳዩ፣ የፋይሉን ስም ከነቨርዥኑ ይጻፉ።

የሰው ዓይን የግድ የሚሆንበት ቦታ ይቀራል፤ ሁለቱ ቀናትዎ ለሱ ይሁኑ። ገጾቹን በአደጋቸው ይደርድሩ፦ አንባቢው የተሳሳተውን ቢከተል ዳታ የሚጠፋበት፣ የደኅንነት ክፍተት የሚፈጠርበት፣ ሥራ የሚቆምበት ገጽ ይቅደም። ባክአፕና መልሶ መጫን፣ ካለፈው ቨርዥን ወደ አዲሱ መሸጋገር፣ የተጠቃሚ ፈቃድ፣ ማጥፋት፤ ብዙ ገጽ አይሆንም። እነዚህን ገጹን ያልጻፈ ሰው በባዶ ማሽን ላይ እየፈጸመ ይሞክራቸው፤ ጻፊው የጎደለውን እርምጃ ሳያውቀው በራሱ ይሞላዋል። በየገጹ ግርጌ «የተሞከረበት፦ 3.0.1» የሚል መስመር በእጅ ይግባ። ከጊት የሚወጣው «ለመጨረሻ ጊዜ የታደሰው» የሚል ቀን ይህንን አይተካም፤ አንድ ነጠላ ሰረዝ ሲታረምም ይታደሳል። ከዚያ ከሪሊዝ በፊት የተሞከረበት ቁጥር ወደ ኋላ የቀረውን ገጽ የሚዘረዝር ስክሪፕት ሲያስኬዱ ሥራዎ ምን እንደሆነ በእጅዎ ነው። ለአለቃዎም ሊያሳዩአቸው የሚገባው ይህ ዝርዝር ነው፤ «ሁሉንም አንብቤአለሁ» ከሚል ቃል ይልቅ የትኛው ገጽ እንደተሞከረና የትኛው እንዳልተሞከረ ያሳያቸዋል። በሪሊዙ ዕለት ሰነዱ ከታጉ ተገንብቶ መውጣቱን አይተው ብቻ ማስታወቂያው ይላክ።

የ2.4ን ሰነድ አያጥፉት። ድጋፍ እያለው ማጥፋት ተጠቃሚዎቹን ወደ 3.0 ገጾች መግፋት ነው፤ በባክአፑ ላይ የደረሰው ስህተት በተገላቢጦሽ ይደርሳል። ድጋፉ ሲያበቃም አድራሻው ይቆይ፤ የሚቆመው እርማት ወደሱ መውሰዱ ነው። የፓይተን 2.7 ድጋፍ በ2020 መጀመሪያ ቢያበቃም ሰነዱ ዛሬም ይነበባል፤ በየገጹ አናት ላይ ግን ቨርዥኑ ድጋፍ እንደሌለው የሚናገር ቀይ ማስጠንቀቂያ አለ። ኩበርኔቲስ የሚባለው ሶፍትዌር ሰነድ በበኩሉ የአሁኑንና ከሱ በፊት የነበሩትን አራት ቨርዥኖች ያቀርባል። የእርስዎም ማስጠንቀቂያ አንባቢውን ወደ መነሻ ገጽ አይጣለው፤ በ3.0 ውስጥ ወዳለው ወደዚያው ገጽ ይውሰደው። ጎግል የድሮውን ገጽ ከአዲሱ አስቀድሞ እንዳያሳይም በየድሮው ገጽ ውስጥ አዲሱን የሚጠቁም የካኖኒካል ሊንክ ያስገቡ። የባክአፕ ገጹ ላይ ይህንን ሲያደርጉ ግን በመጀመሪያ የ3.0ው ገጽ መታረሙን ያረጋግጡ።